ሸዋወርቅ ለምን እህል እምቢ አለች

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ!»

እትዬ ወለተሐና ጉርሻውን ከሸዋወርቅ ከንፈር ላይ አድርሰው ቆመዋል። ሸዋወርቅ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«አልችልም ማለት ምን ማለት ነው? ወንድምሽ አፈር ለብሶ ተኝቷል፤ አንቺ ደግሞ ልትከተዪው ነው?»

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «ይተዉዋት፣ ሐዘኑ ከብዷት ነው» አለች። ሌላዋ ንፍሮ እየቆረጠመች ከእህት በላይ ሐዘንተኛ የለም ብላ አጸደቀች። ጉርሻው በመጨረሻ ወደ እትዬ ወለተሐና ወደ ራሳቸው አፍ ተመለሰ። እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ሸዋወርቅ ለወንድሟ ስትል እህል እርም ማለቷ ከድንኳኑ አልፎ ደብረ ብርሃን ገበያ ድረስ ተሰምቷል።

እውነቱን ለመናገር ሸዋወርቅ በጣም ርቧታል። ምስር ወጡ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ምራቋን ትውጣለች። ከማለዳ ጀምሮ ግን ከቀጭን ሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም፤ አትቀምስምም። ነገ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ዶክተሩ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ረጅም ቱቦ በመቀመጫዋ በኩል አስገብቶ አንጀቷን ሊያይ ቀጥሯታል። አንጀት ባዶ ካልሆነ ደግሞ ቱቦው ምንም አያይም። ቀጠሮው የተያዘው ገና ወንድሟ ገብረአማኑኤል በሕይወት ሳለ ነበር። እሱ ሞተና ሳልስቱ በዚያው ቀን ላይ ዋለ። መሣሪያው አንድ ብቻ ነው፤ የዓመቱን ግማሽ ተበላሽቶ ይቀመጣል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ነገ ካልሄደች ሌላ ቀን መቼ እንደሚገኝ ዶክተሩ ራሱ አያውቅም። የቀበሌው የይለፍ ወረቀትም የተጻፈው ለነገ ነው።

በዚህ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ የሟች ሚስት እናናየሁ። እሷም ዝም ብላለች።

ገብረአማኑኤል በርኖስ ሠሪ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የሚፈራ ሰው ሁሉ የእሱን እጅ ያውቃል። ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ባለሙያዎቹ በማኅበር ተደራጁ ተብለው ከታዘዙ ወዲህ፣ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው እሱ ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ግን «ዛሬ ደግሞ ሳንባዬን አናፈስኩት» ይላል። አባታቸው ሰላ ድንጋይ ላይ ሲሞቱ ሸዋወርቅ ገና በእጇ ትድህ ነበርና ያሳደጋት እሱ ነው። «ጋሼ» ስትለው ወንድሟንም አባቷንም በአንድ ቃል መጥራቷ ነበር። አባትየውን ምን እንደገደላቸው በቅጡ የሚያውቅ የለም። ሆዳቸውን ሲያማቸው ከርሞ፣ ከስተው ሞቱ፤ ይኸው ነው የሚባለው።

ካቻምና ገብረአማኑኤል ፊቱ መገርጣት ጀመረ። ከበሬሳ ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው መንገድ ዳር ይቀመጣል። እናናየሁ ገፋፍታ ጤና ጣቢያ አስኬደችው። ድሬሰር ወልደተንሣኤ የዓይኑን ሽፋን ገልጦ አየና ደም አንሶሃል አለው።

«የት ሄደብኝ?»

«እሱን ነው ማወቅ ያለብን። በሰገራ በኩል ተደብቆ የሚወጣ ደም አለ፤ በዓይን አይታይም።»

ከአዲስ አበባ የመጣ ወረቀት ነበረው። ሰገራ ይቀባበታል፤ መድኃኒት ጠብ ይደረግበታል፤ ደም ካለበት ሰማያዊ ይሆናል። ገብረአማኑኤል በማግሥቱ ሰገራውን የያዘበትን የክብሪት ቀፎ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በቀኝ እጁ ጋቢው ሥር ደብቆ፣ መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሁሉ በግራ እጁ እየጨበጠ ሄደ። አንዱ ጎረቤት በግራ በመጨበጡ ተቀይሞት ለብዙ ጊዜ ሳያናግረው ቀርቷል። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ።

«ሥጋ በልተሃል?» አለው ድሬሰሩ።

ገብረአማኑኤል በጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ያሉት እርግቦች እስኪነሱ ሳቀ። የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ነበር። ሁዳዴን ጾሞ የወጣ ሰው፣ ቅርጫው ገና ቤቱ ተሰቅሎ፣ ሥጋ በልተሃል ተብሎ ይጠየቃል?

«ጥሬውንም ጥብሱንም» አለ።

«እንግዲያው ወረቀቱ ያየው የበሬውን ደም ሊሆን ይችላል። ሥጋ ተውና ተመልሰህ ና። አንድ ብቻ እንዳታመጣ፤ በተለያየ ቀን የወጣ ሦስት አምጣልኝ፤ የሚደማ ነገር ሁልጊዜ አይደማም። ዳግመኛ ሰማያዊ ከሆነ አዲስ አበባ እልክሃለሁ፤ በቱቦ ያዩሃል።»

ቱቦው በየት እንደሚገባ ሲነገረው ገብረአማኑኤል ከወንበሩ ተነሣ። «ወንድሜ፣ እኔ በዚያ በኩል እንግዳ አልቀበልም» አለና ወጣ። ሥጋ መተዉን ግን አሰበበት። ለወረቀት ብሎ በፍስክ ሥጋ ከመተው ጾም መጠበቅ ይሻላል አለ፤ ፍልሰታ እስኪገባ ጠበቀ። እንደዚያ አጥብቆ የጾመበት ጊዜ የለም። አስቀደሰ፣ ጠበል ጠጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰም። ጾሙ ሊፈታ ሰሞን አንድ የክብሪት ቀፎ ወሰደ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ጾሙ አጸዳኝ!» እያለ ነበር ወደ ቤት የገባው።

ስህተቱ ይህ ነው። ወረቀቱ የተናገረው በዚያ ቀን፣ በዚያች ቁራጭ ውስጥ ደም የለም የሚል ብቻ ነበር። ገብረአማኑኤል ግን እግዜር አንጀቱን አጥቦ እንደመለሰለት አድርጎ ሰማው። ድሬሰሩ ሥጋ ተው ያለው ምርመራው እንዳይሳሳት ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሱባኤ ያዘው፤ ሱባኤው ሠመረለት። ማን ይከራከረዋል? ለፍልሰታ ፍቺ በግ ታረደ። እናናየሁ ወጡን ሠራች፣ ሸዋወርቅ ወገቧን አስራ ጨፈረች። ድሬሰሩ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር «ሁለቱስ?» ይለዋል፤ እሱም «ለሚቀጥለው ጾም» ይለዋል። ዓመት እንዲህ አለፈ። ሆዱ ተነፍቶ አንጀቱ የተዘጋ ዕለት በሰው ተደግፎ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ያ የፈራው ቱቦ ገባና ዕጢውን አየ። ለመቁረጥ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሸዋወርቅ ከድንኳኑ ወጥታ ጓዳ ገባች። እናናየሁ የእንግሊዝ ጨው በጣሳ በጥብጣ ጠበቀቻት። ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ሰው እንዳይገባ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች።

«ቶሎ ጠጪው።»

ሸዋወርቅ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ምሬቱ ዓይኗን አስለቀሳት። ከቀብሩ ወዲህ እንባዋ አልቆ ነበርና እንደገና መምጣቱ ራሷን ገረማት።

«ለሱ ጊዜ እንዲህ ብንጨክን ኖሮ» አለች እናናየሁ። «በጉን ከምናርድ።»

ሸዋወርቅ ባዶውን ጣሳ መሬት አስቀመጠች።

ጨው ሥራውን ያውቃል። ብዙም ሳትቆይ ሸዋወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ በወንዶቹ አግዳሚ ፊት ለፊት እየተጣደፈች ወደ ጓሮ መመላለስ ጀመረች። ወንዶቹ በመጀመሪያው ጊዜ በአክብሮት ብድግ አሉ፤ ሁለተኛውንም ብድግ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ደክሟቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ሴቶቹ ዘንድ ሐዘኑ ሆዷ ገባ ተባለ። አንዷ ጤናዳም ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ፌጦ ፍለጋ ልጅ ላከች።

ጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ወንድሟን አሰበችው። ሆስፒታል የተኛበትን አልጋ አሰበች። ዶክተር ዘርአ ዳዊት የሚባለው ሐኪም ወደ ኮሪደር ጠርቷት፣ አባታችሁስ በምን ሞቱ ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። «እርስዎም መታየት አለብዎት» አላት።

«እኔ እንኳ ተመርምሬያለሁ። ጋሼ ሲታመም ድሬሰሩ የእኔንም አይቶታል፤ ጾም ላይ ነበርኩ፤ ሦስቱም ነጭ ነው።»

«እሰየው። ግን ወረቀቱ የሚያውቀው የሚደማውን ብቻ ነው። ቱቦው ደሙን አይጠብቅም፤ ገብቶ ራሱን ነገሩን ያያል። ገና ትንሽ ከሆነም እዚያው ይቆርጠዋል።»

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ገብረአማኑኤል የተኛ መስሎ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «ሰማሁት» አለ። ድምፁ ቀጥኗል፤ ቀልዱ ግን አልተወውም።

«ሸዋዬ፣ እኔ ገብቶብኝ አየሁት አይደል? ኀፍረቱ ያለው ደጅ ነው። አንዴ ከተኛሽ በኋላ አንቺም በግ ነሽ፣ እሱም በግ ሻጭ ነው። ተገላብጠሽ ትታያለሽ፤ በቃ።»

«ያማል?»

«ይነፋል። ጋዝ ይሞላሻል። አስነዋሪ ድምፅ ታሰሚያለሽ፤ ነርሷ ግን አትስቅም። እኔ ነኝ የሳቅሁት።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠና እጇን ያዘ። «ይህንን ፈርቼ ነው እኮ። ይህንን!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሸዋወርቅ የዚያን ዕለት ቆረጠች። ማንም አላስማላትም፤ ያን ፊቱን ሲያዞር ማየቷ በቂ ነበር።

ከጓሮ ስትመለስ እትዬ ወለተሐና የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመው ጠበቋት። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም፤ ጓዳ ገብተው የጣሳውን ጠርዝ ቀምሰው መጥተዋል።

«እኔን አታታልዪኝም። ሐዘን እንዲህ አያስሮጥም። ምን ጠጣሽ?»

ሸዋወርቅ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ውሸቱም ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ደከማት።

«የሚያስቀምጥ ጨው ነው፣ እትዬ። ነገ በጠዋት አውቶቡስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጋሼን የገደለው ነገር እኔም ውስጥ እንዳለና እንደሌለ በቱቦ ሊያዩኝ ነው።»

«ነገ?» እትዬ ወለተሐና ደረታቸውን መቱ። «ነገ ሳልስቱ ነው! ካህናቱ ለፍትሐት ሲቆሙ እህቱ የት ሄደች ሲሉ ምን እንበል? ልብሷን አውልቃ ለባዕድ ወንድ ተኛች እንበል?»

«ለዶክተር ነው።»

«ዶክተር ወንድ አይደለም?»

አግዳሚው ላይ አንዱ ሳል ያዘው። እትዬ ወለተሐና ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

«ያሳደገሽ ወንድምሽ ነው! ለሌላ ሰው ቢሆን አይቆጨኝም። ደግሞስ ያንቺ ጠርቷል አልተባለም ወይ? ወልደተንሣኤ! የት አለ ወልደተንሣኤ? አንተ አይደለህ ሦስቴ አይተህ ጠርቷል ያልከው?»

ድሬሰር ወልደተንሣኤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ማንንም ሳያናግር እየዋለ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ቆቡን አውልቆ ተነሣ። እሱ አያስፈልጋትም ካለ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ ነገ ከዚህ ደጅ መውጣት አትችልም። ብትወጣም ተመልሳ መግባት አትችልም።

«ብያለሁ» አለ ወልደተንሣኤ። «የሷ ሦስቱም ነጭ ነው። ለጋሽ ገብረአማኑኤልም ነጭ ነው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በዚያች ወረቀት በግ አረደ፤ ከበጉም በልቻለሁ።»

ቆቡን በእጁ አሽከረከረ።

«ወረቀቱ መጥፎ አይደለም፣ እትዬ። ከዚህ አገር ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ሊሄድ አይችልም። በየዓመቱ ከሆነ፣ ሦስቱም ከመጣ፣ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ቱቦው ካልተፈራ፣ ብዙ ሰው ያድናል። እኔ የምለምነው ይህንን ነው፤ ሰሚ አጣሁ እንጂ። አባትም ወንድምም በዚሁ የሄደበት ሰው ግን ወረቀት ይዞ አይቀመጥም። ትሂድ።»

ተቀመጠ። እትዬ ወለተሐና መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አጠበቁ፤ ሲናደዱም ሲያዝኑም የሚያደርጉት ነው። ከዚያ ሳይታሰብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔም የአባትሽ እህት ነበርኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ሰላ ድንጋይ፣ እሱ ግድግዳ ይዞ ሲያቃስት፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ አውቃለሁ። ከለቅሶ ሌላ ግን ምንም አላደረግሁለት።»

ሸዋወርቅ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ካህናቱን ለኔ ተዪ» አሉ እትዬ ወለተሐና። «እህቱ የት ናት ሲሉ፣ ራሷን ልታተርፍ ሄደች እላቸዋለሁ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣኝ። አሁን ሂጂ፣ ሆድሽ እየጮኸ ነው።»

የአዲስ አበባውን ነገር ማስረዘም አያስፈልግም። በማለዳው ውርጭ ተሳፈረች፤ መንገዱን ሁሉ እግሯን አጥብቃ ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ደርሳ አንጀቷን ዳግመኛ አጠቡላት፤ ከወገብ በታች ክፍት የሆነ ቀሚስ አለበሷት፤ በግራ ጎኗ አስተኟት። ገብረአማኑኤል እንዳለው ነበር። ኀፍረቱ ደጅ ቀረ። ሆዷን ነፋት፣ ቆረጣት፣ አስነዋሪው ድምፅም ወጣ፤ ነርሷ አልሳቀችም። ሸዋወርቅ ግን ወንድሟን አስታውሳ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ዶክተር ዘርአ ዳዊት «አይንቀሳቀሱ!» ብሎ ጮኸባት።

ከዚያ ቱቦውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ወደ መሣሪያው ይበልጥ አጎነበሰ።

«ምነው ዶክተር?»

«አንዲት ነገር አለች።» ዓይኑን ከመሣሪያው አላነሣም። «ግንድ ያላት ትንሽ ሥጋ። አይፍሩ፤ አሁን በቀጭን ሽቦ አንቄ እቆርጣታለሁ። አያምዎትም።»

ምንም አላመማትም። ሲያበቃ፣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ መሰል ነገር ላይ የተንሳፈፈችውን አሳያት።

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት። ወደ ላቦራቶሪ እልካታለሁ፤ ዓይኔ እንዳየው ግን ገና ክፉ አልሆነችም። እዚያው ብትቀመጥ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። በየጊዜው እየመጡ ይታያሉ፤ ልጆችዎም ጊዜያቸው ሲደርስ ይታያሉ።»

ሸዋወርቅ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«ዶክተር፣ የወንድሜም እንዲህ ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ፣ አዎ» አለ ዶክተሩ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው።»

ያን ሌሊት ደም እንዳይፈሳት ሲጠብቋት አደሩ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ስትገባ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑ በር ላይ ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። እሷም ከነሱ ጋር ቆማ አለቀሰች፤ ጋሼ፣ ጋሼ እያለች፣ አገር እስኪሰማ አለቀሰች። እትዬ ወለተሐና ትንሽ አስለቅሰው ክንዷን ይዘው አስገቧት።

«እህሳ?»

«አገኙ። ቆርጠው አወጡት፣ እትዬ። ደኅና ነኝ።»

እትዬ ወለተሐና እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያሉበት ቦታ ትዝ ሲላቸው በመዳፋቸው ያዙት። ሴቶቹ ተመስገን፣ ተመስገን ተባባሉ። ድሬሰር ወልደተንሣኤ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

እናናየሁ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። ጥግ ላይ፣ ትራሷን ተደግፋ፣ ሸዋወርቅን ታያለች። ሸዋወርቅ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ሸዋዬ» አለች እናናየሁ። «ምን ታክል ነበር?»

ሸዋወርቅ ትንሿን ጣቷን ዘረጋች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ከጫፏ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ያዘችና አሳየቻት።

እናናየሁ አየችው። አጎንብሳ ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ያችን ጣት በሁለት እጇ ያዘች፤ ጨብጣ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ለቀስተኛ ገባ፣ ለቀስተኛ ወጣ፤ እሷ ግን አልለቀቀቻትም።